ከበቆሎው ዳቦ የወንድሜ ድርሻ

የበቆሎ ዳቦ ቀላል ነው ይላሉ። ሊጥ አይቦካ፣ እርሾ አይጠበቅ፤ እሸቱን ፈልፍሎ መፍጨት፣ ጨውና ዘይት ጣል ማድረግ፣ በራሱ ልባስ ሸፍኖ እሳት ላይ መጣድ ነው፣ አለቀ። እንዲህ የሚሉት አብዛኞቹ በልተውት እንጂ ጋግረውት የሚያውቁ አይመስሉኝም። እኔ ሰቆጣ ከእናቴ ጋር የምኖር፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር፣ ትዳር ሞክሬ የተመለስኩ ሴት ነኝ። በየዓመቱ ለመስቀል በቆሎ የምፈጨው እኔ ነኝ። ቀላል ነው የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ የተላጠ አውራ ጣቴን አሳየዋለሁ።

እሸቱ በትክክለኛው ጊዜ መቆረጥ አለበት። በጥፍር ሲጫኑት ወተቱ ፊት ላይ ከተረጨ ገና ነው፤ ዳቦው አይያያዝም። ጥፍር አልገባ ካለ ደግሞ አልፎበታል፣ ወፍጮ ቤት ይሂድ። በሁለቱ መሃል ጥቂት ቀን አለች፣ በእኛ ጓሮ ያቺ ጊዜ መስቀል ላይ ትውላለች። ፍሬውን በአውራ ጣት እየገፉ መፈልፈል ነው፣ ከዚያ በድንጋይ ወፍጮ እንደ ገንፎ እስኪወፍር ማድቀቅ፤ ጨው፣ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከተገኘም እንዲያያይዘው ጭብጥ የስንዴ ዱቄት። ብረት ድስቱ በበቆሎው ልባስ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጥበታል፣ በላዩም ልባስ ይለብሳል፤ ክዳኑ ላይ ፍም ይደረደራል። የልባሱ ጠርዝ ማረር ሲጀምር ሽታው ግቢውን ያውደዋል። ያን ጊዜ የላዩን ፍም መቀነስ ነው፤ አለበለዚያ ቆዳው ያርና ሆዱ ጥሬ ይሆናል።

ድሮ ይህ ዳቦ በእኛ ቤት የበዓል ማዕድ ዳር ላይ የሚቀመጥ ነገር ነበር። ዋናው የስንዴው ድፎ ነው፤ የሚባረከውም የሚቆረሰውም እሱ ነበር። የበቆሎው ድፎው እስኪቆረስ ልጆች እንዳያስቸግሩ አፍ ማስያዣ ነው፤ ከወጥ ጋር የሚያጠቅሰውም ይገኛል፣ ሳይነካው የሚነሳም ይገኛል። ጦርነቱ መጥቶ መንገድ ሲዘጋ ስንዴ ከገበያ ጠፋ፣ መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤቱም ቆመ። ጓሮ ውስጥ የቆመች በቆሎና የእናቴ የድንጋይ ወፍጮ ብቻ ቀሩልን። በዚያ ዓመት የዳሩ ዳቦ መሃል ማዕድ ላይ ተቀመጠ። ስንዴው ኋላ ሲመለስ እንኳ እናቴ ለመስቀል ሌላ አልጋግርም አለች። ምክንያቱ ወንድሜ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ፍየል ነጋዴ ነበር። «ነበር» ማለቴን እናቴ ብትሰማ አንገቷን ታዞርብኛለች። አበርገሌ ቆላው ድረስ ይወርዳል፣ ፍየል ይገዛል፣ እየነዳ ሰቆጣ አምጥቶ ለበዓል ይሸጣል። ሰው ሁሉ ለበዓል ቤቱ ሲገባ እሱ ገበያ ላይ ነው፤ ስለዚህ በዓል በዋለ ቁጥር እሱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እናታችን ዳቦውን ስትቆርስ አስቀድማ የእሱን ድርሻ ታነሳለች፣ በሳህን ታደርጋለች፣ በሌላ ሳህን ከድና መደርደሪያው ላይ ታስቀምጣለች። ያንን ማንም አይነካውም። እሱ በማግስቱም ይምጣ በሠልስቱ፣ ደረቁን ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል፣ «የደረቀው ይሻላል» እያለ። እውነት ለመናገር የደረቀው አይሻልም፤ እናታችን ደስ እንዲላት ነው እንደዚያ የሚለው።

ያን ጊዜ፣ ከመስቀል በፊት፣ ገና መንገዱ ተዘግቶ ሲከፈት፣ ተከፍቶ ሲዘጋ፣ ወደ አበርገሌ ወረደ። አትሂድ ብለነዋል። ካገባ ዓመት አልሞላውም ነበር፣ ቤት ውስጥ እህል አልነበረም፣ ቁጭ ብሎ ሊያየን አልቻለም። በጓሮው በር ቆሞ በቆሎዋን በእጁ ነካ ነካ አደረገና «ለመስቀል ትደርሳለች፤ እኔም እደርሳለሁ» አለ። እሱ በወጣ በሳምንቱ መንገዱ ከኋላው ተዘጋ። በቆሎዋ ደረሰች፣ እሱ አልደረሰም።

የሞተ ሰው አንድ ወሬ ነው ያለው። የጠፋ ሰው ወሬው ብዙ ነው። አንዱ ተከዜ ዳር ፍየል ሲነዳ አየሁት አለን፣ ሌላው ታስሮ እንደነበረ ሰማሁ አለ፣ ከአበርገሌ ተፈናቅለው የመጡ አንድ ሽማግሌ ደግሞ መልኩ እሱን የሚመስል ልጅ ቀብረናል አሉ። እናቴ የመጀመሪያውን ወሬ ያዘች። መንገድ ሲከፈት ሌሎች ከያሉበት መጡ፤ አንዳንዱ አንካሳ ሆኖ፣ አንዳንዱ ዝም የሚል ሆኖ፣ ግን መጡ። እሱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የነገረን ሰው የለም።

በየበዓሉ ግን ድርሻው ይነሳል። የስንዴ ዳቦ ቢሆን ደርቆ ይቆያል። የእሸት በቆሎ ዳቦ ግን ውሃ ያዘለ ነው፤ ሳይሰነብት ይኮመጥጣል፣ ከዚያ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። እናቴ አትጥለውም። «የሰው ድርሻ አይጣልም» ትላለች። ሳህኑን እየከፈተች ታየዋለች፣ ትከድነዋለች። ቤቱ የሻገተ ዳቦ እየሸተተ እኔ ደብተር አርማለሁ። አንዴ ተናድጄ «እማዬ፣ ለሻጋታ ነው እንዴ የምንጋግረው?» ብያት አውቃለሁ። ቀና ብላ ሳታየኝ «አንቺ የጠገብሽ ለታ ትጥይዋለሽ» አለችኝ። ሻጋታው ሲብስ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ታደቀዋለች፣ ለዶሮዎች ትበትነዋለች። ዶሮዎቹ የበዓሉን ማለፍ የሚያውቁት በዚያ ነው።

የወንድሜ ሚስት አብራን ትኖር ነበር። የጋዝጊብላ ልጅ ናት። ወንድሜ ሳያገባት በፊት ባለው ነሐሴ ከእኩዮቿ ጋር ሻደይ ስትጨፍር የነበረች ልጅ፣ እኛ ቤት መጥታ አንድ ክረምት ከባሏ ጋር ከረመች፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜዋ የተከደነ ሳህን መጠበቅ ሆነ። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ልጃገረዶቹ የሻደይን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው እየዘፈኑ በደጃችን ሲያልፉ እሷ ጓሮ ትገባለች። አረም የሌለበትን በቆሎ ታርማለች። እኔን «እትዬ» ትለኛለች፣ እናቴን «እማማ»። ቤቱ ውስጥ የምትስቅ ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሳቋም እየቀነሰ ሄደ።

ለእናቴ ጥሩ ምራት ነበረች፣ ለእኔ ደግሞ ጓደኛ። ስለዚህ እንድትሄድ አልፈልግም ነበር፤ እንድትቀር መፈለጌም ያናድደኝ ነበር። ውሃ ለመቅዳት ጄሪካን ይዘን ተራ ስንጠብቅ፣ ፈትል ስትፈትል፣ ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ እያየኋት ይቺ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች እላለሁ። ከዚያ ደግሞ እሷ ከሄደች ከእናቴና ከዚያ ሳህን ጋር ብቻዬን መቅረቴን አስብና ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

አንድ መስቀል ዋዜማ ጓሮ ቁጭ ብለን እሸት ስንፈለፍል ጠየቀችኝ። ቀና አላለችም፣ ጣቷም አልቆመም።

«እትዬ፣ እኔ ባል አለኝ ወይስ የለኝም?»

አስተማሪ ነኝ፤ ልጆች ብዙ ነገር ይጠይቁኛል። እንዲህ ያለ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። «እማማን ጠይቂያት» ማለት አልችልም፣ «የለሽም» ማለትም አልችልም። «እኔም አላውቅም» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ሌላ እሸት አነሳችና መፈልፈሏን ቀጠለች።

እናቴ የነፍስ አባታችንን ስለ ፍትሐት ጠይቃቸው ነበር፤ የጠየቀችው ግን በግድ ነው፣ ጎረቤት ስለነዘነዛት። ቄሱ መልካም ሰው ናቸው። «መሞቱ ሳይታወቅ ፍትሐት አልፈታም፤ በሕይወት ካለ ኃጢአት ይሆንብኛል» አሉ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። ምራቷ ጠላ እየጠመቀች ነበረች፤ ሰማች። ሰሚ እንጂ ተጠያቂ አልነበረችም።

በዚያው መስቀል ነው ነገሩ የሆነው። ጠዋት ደመራው ተለኩሶ ስንመለስ ሰማዩ አኩርፎ ነበር። እኔና ምራታችን በየተራ ፈጨን፤ እሷ ድስቱን አነጠፈች፣ እኔ ፍሙን ያዝኩ። ዳቦው ያን ቀን አምሮ ወጣ፣ ቆዳው ቡናማ፣ ሆዱ ቢጫ። ያልታደለ ነገር እንዲህ ነው፤ አንዳንዴ ያምርበታል። እናቴ ባረከችና ቆረሰች። ዳቦ የሚቆርሰው ወንድ ነው በእኛ ደንብ፤ አባታችን ካረፈ በኋላ ተራው የወንድሜ ነበር፤ እሱ ግን በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም። ስለዚህ እሷ ትቆርሳለች፣ ቢላዋውን ግን እንደ ተዋሰችው ዕቃ ነው የምትይዘው። የመጀመሪያውን ቁራሽ አንስታ በሳህን አደረገች፣ ከደነች፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።

ጎረቤት ግቢ ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እናቴ ልጆቹን ጠራቻቸው፣ ልጆቹም እናቶቻቸውን ይዘው መጡ። የቀረበው ሁሉ ተበላ፤ እንጀራው አለቀ፣ ሽሮው አለቀ፣ ዳቦው አለቀ። እናቴ ድስቱ ሥር የቀረውን ቅርፊት ሳይቀር ለአንዲት ሕፃን ሰጠች። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ ጠላና ያ ሳህን ብቻ ቀሩ።

ዝናቡ ካፊያ ሲሆን የምራታችን አባት በሩ ላይ ቆሙ። ከጋዝጊብላ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጋቢያቸው ረጥቧል፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ልጃቸውን በኽምጥኛ ሰላም አሏት፣ ግንባሯን ሳሟት፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

«እንኳን አደረሳችሁ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች እናቴ፤ አልጋው ላይ አረፍ እንዲሉ ቦታ ለቀቀችላቸው።

ለምን እንደመጡ ሁላችንም አውቀነዋል። ሰው ልጁን ለመጠየቅ ብቻ በመስቀል ቀን ቤቱን ትቶ ያንን ሁሉ አገር አያቋርጥም። ምራታችን ጠላ ቀዳች። ከዚያ ቆመች። የምታቀርበው የለም። ጎረቤት ልሂድ ብላ ወደ በሩ ስትጠጋ እናቴ በእጇ መለሰቻት። በበዓል ቀን፣ ዝናብ መትቶት ለመጣ አማች፣ ከጎረቤት ተለምኖ አይቀርብም። ማናችንም ቀና ብለን ወደ መደርደሪያው አላየንም። እናቴ ግን ተነሳች።

ሳህኑን አወረደችው። ክዳኑን አነሳችና ፊታቸው አስቀመጠችው። እሳቸው ዳቦውን አዩት፣ ሳህኑን አዩት፤ ገበሬ ናቸው፣ የተከደነ ነገር ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

«የሰው ድርሻ እንዳይሆን» አሉ።

«ለእንግዳ ያስቀመጥኩት ነው» አለች እናቴ። «ይብሉ።»

በሕይወቴ እናቴ ስትዋሽ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምራታችን ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ግድግዳው ጥግ ደርቃ ቀረች። እኔ አፌን ልከፍት ስል እናቴ አየችኝ፣ ዘጋሁት። እሳቸው ዳቦውን ፈተፈቱ፣ አንዱን ጎረሱ። ርቧቸው ነበር፤ መራብ ደግሞ ነውር አይደለም። ሁለተኛውን ሲጎርሱ እንደ ማንኛውም እንግዳ መረቁ።

«ቤትዎን ይሙላልዎ፤ የወጣውን በሰላም ይመልስልዎ።»

ያሉትን ጆሯቸው የሰማው ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ማኘካቸው ቆመ። ጉንጫቸው እንደሞላ ልጃቸውን አዩ፣ ልጃቸው መሬት መሬት ታያለች። ሳህኑን ቀስ አድርገው ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

«እመት፣ ይኼ የልጅዎ ነው።»

«የእንግዳ ነው አልኩዎት። ይብሉና የመጡበትን ይንገሩኝ።»

አልበሉም፣ ግን ተናገሩ። ቃላቸውን መንገድ ላይ ሲያዘጋጁ እንደመጡ ያስታውቃል፤ ከዳቦው በኋላ ግን ያዘጋጁት ሁሉ የተበታተነባቸው ይመስለኛል። «ልጄ ገና ልጅ ናት» አሉ። «የጠየቃት ሰው አለ፤ ሚስቱ በወሊድ የሞተችበት ደህና ገበሬ ነው። እኔ የልጅዎን ሞት አልመኝም፤ እንደ ልጄ ነው የማየው። ግን እኔም አርጅቻለሁ። ይዣት ልሂድ ወይስ ልተዋት? እርስዎ ካሉት አልወጣም።»

ውጭ ውሃው ከቆርቆሮው ይንጠባጠባል። እኔ በልቤ «እምቢ በዪ» እላት ነበር፣ ወዲያው ደግሞ «ልቀቂያት» እላት ነበር፤ ሁለቱንም ከልቤ ነው። እናቴ ሳህኑን በጣቷ መልሳ ወደ እሳቸው አስጠጋችው።

«ይጨርሱት» አለች።

«እመት...»

«ይጨርሱት። ተጀምሮ የቀረ ድርሻ ምን አደርገዋለሁ?»

ጨረሱት። እያንዳንዱ ጉርሻ ሲወርድ ጉሮሯቸው ላይ ይታይ ነበር። ፍርፋሪዋን ሳይቀር በጣታቸው ሰብስበው ጎረሱ፤ ማክበራቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ሳህኑ ባዶ ሲሆን እናቴ በኽምጥኛ መናገር ጀመረች። እናቴ ከእኛ ጋር በአማርኛ ነው የምታወራው፤ ኽምጥኛ ከእናቷ የሰማችው ነው፣ የምታወጣው ለለቅሶና ለጸሎት ነው። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ ሁላችንም ሰማን።

«ይውሰዷት። ልጄ ሞተ አልልም፤ ለዚያ አፌን አልከፍትም። እሷ ግን ከእንግዲህ የማንንም ድርሻ አትጠብቅ።»

ምራታችን ሳህኑን አነሳችና ወደ ውጭ ወጣች። ለማጠብ ነው። አንዲት ሳህን ለማጠብ ያን ያህል መቆየቷን አስተውያለሁ፤ ውሃ በጄሪካን እየተቀዳ በሚመጣበት ቤት ያን ያህል ውሃ ስታፈስ እናቴ አልተናገረቻትም። ስትመለስ ፊቷ ታጥቧል፣ ሳህኑን ደፍታ አስቀመጠችው።

ጠዋት አባትየው ፊት ፊት ሄዱ። እሷ የእናቴን ጉልበት ሳመች፣ እኔን አንገቴን አቅፋ ቆየች። «እትዬ፣ ቅርቅሩን ሸፍኚው፣ ነቀዝ ይገባበታል» አለችኝ፤ በቆሎ የምናስቀምጥበትን ማለቷ ነው። ሌላ የምትለው ጠፍቷት ነው እንጂ ቅርቅሩ ውስጥ ይህ ነው የሚባል በቆሎም አልነበረም። ቁልቁለቱ እስኪሰውራት አየኋት። ከዚያ ገብቼ በእናቴ ተናደድኩ። በአንድ ቀን ወንድሜንም ሚስቱንም ከቤት አወጣቻቸው፤ ሳህኑ ባዶ፣ ልጅቱ የለች። ያን ሰሞን ሁሉ ከእናቴ ጋር ከሰላምታ በላይ አላወራሁም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ ለምን እንደተቆጣሁ ከእኔ ይልቅ የገባት ይመስለኛል።

የገና ዳቦ ተጋገረ፣ የፋሲካም ተጋገረ። እናቴ ድርሻ አላነሳችም። ዶሮዎቹም የበዓል ደረቅ ቀረባቸው። እንደምፈልገው ሆነ፣ ደስ ግን አላለኝም። ቤቱ የሻገተ ዳቦ መሽተት ሲተው ምንም የማይሸት ቤት ሆነ። የምራታችንን ማግባት ከገበያተኛ ሰማን፤ ቀጥሎም ነፍሰ ጡር መሆኗን። እናቴ ስትሰማ «እሰይ» አለች፤ ከዚያ ጋቢዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች፣ ቀን ነበር።

መስቀል ተመልሶ መጣ። በቆሎዋን ብቻዬን ሸለቀቅኩ፣ ብቻዬን ፈለፈልኩ፣ አውራ ጣቴ ቆዳው ተልጦ ጨው ሲነካው ያቃጥለኝ ነበር። ወፍጮው ላይ የሚቀይረኝ ሰው አልነበረም። ሊጡን ገለበጥኩ፣ ፍሙን ደረደርኩ። የላዩ ጥቂት አረረ። እናቴ ባረከች፣ ቢላዋውን ያዘች። ሁለት ሰው ነን፤ ለሁለት ትቆርሰዋለች ብዬ ስጠብቅ የመጀመሪያውን ቁራሽ አንስታ ያንኑ ሳህን አወረደች፣ አስቀመጠችበት፣ ከደነችው።

ደሜ ፈላ። «እማዬ፣ በማርያም፣ እንደገና እንዳትጀምሪ።»

«ለእሱ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለልጅቱ ነው» አለች። «ይቺ እንኳ ያለችበት ይታወቃል።»

ሳህኑን ተቀበልኳት። ቁራሹን በበቆሎ ልባስ ጠቅልዬ፣ በክር አስሬ፣ በማግስቱ ለገበያ ለመጡ የጋዝጊብላ ሴቶች ሰጠኋቸው። ሳይሻግት እንደደረሰ ነግረውናል።